የፊልም ስቱዲዮ ጉብኝት፦ ከቲኬቱ እስከ መጨረሻው ትርኢት የሚጠብቃችሁ

አስጎብኚያችን "አንኳኩት እስኪ" አለችን። የጡብ ግድግዳውን በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፣ ድምፁ የባዶ ጀሪካን ሆነ። ቀለሙ ልክ ነው። በጡቦቹ መሃል ያለው ሲሚንቶ ልክ ነው። ከቧንቧው ሥር እስከ መሬት የወረደው የዝገት መስመር ሳይቀር ልክ ነው። ግድግዳው ግን ስስ ፋይበርግላስ ነው። ከዚያ የቤቱን በር ከፈተችልን። ሳሎን የለም፣ ደረጃ የለም፣ ጣራ የለም። ግንባሩን ደግፈው የቆሙ እንጨቶች፣ ጥቂት የአሸዋ ከረጢቶች፣ ከዚያ ሰማይ።

ጉብኝቱ ለእኔ የተጀመረው እዚያ በር ላይ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ስልኬን ይዤ ዝነኛ ተዋናይ የማይ መስሎኝ ወዲያ ወዲህ ስል ነበር። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚሄደው። ወይ ተዋናይ ፍለጋ፣ ወይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የመዝናኛ ፓርክ መስሎት። ተመርታችሁ የምትጎበኙት ስቱዲዮ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ የተሰፋበት ቦታ ነው፤ ሰዎች ፊልም የሚሠሩበት የሥራ ቦታ አለ፣ ለጎብኚ ተብሎ የተሰናዳ ትርኢት ደግሞ አለ። የቆማችሁበት የቱ እንደሆነ ካወቃችሁ ምን ማየት፣ የት መቀመጥ፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለባችሁ ወዲያው ይገባችኋል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ ይህንን ለመለየት እንዲረዳችሁ ነው።

1. መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አጣሩ

ስሙ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን በጣም ይለያያል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ዓይነት ስቱዲዮና የመዝናኛ ፓርክ አብረው ያሉበት ነው። ሎስ አንጀለስ ያለው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ሆሊውድ ዋናው ምሳሌ ነው። ረጅም ተጎታች ባለው ትራም ተጭናችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ትዞራላችሁ፣ መንገድ ላይ ጎርፍ ይለቀቅባችኋል፣ መሬት ይንቀጠቀጥባችኋል፣ ከዚያ ወርዳችሁ የቀረውን ቀን በትርኢቶች ታሳልፋላችሁ። የዚህ ቦታ ታሪክ ደስ ይለኛል። መሥራቹ ካርል ላምሊ በ1915 ሲከፍተው ሰው 25 ሳንቲም ከፍሎ፣ ቁጭ ብሎ ቀረጻ እንዲያይ ይፈቅድ ነበር። ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለነበር ተመልካቹ ቢያጨበጭብም ቢጮህም ሥራውን አያበላሽም። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን ያ ቀረ። ዛሬ የምናውቀው የትራም ጉብኝት የተጀመረው በ1964 ነው። የሥራ ቦታውና ትርኢቱ እንዴት እንደተለያዩ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሁለተኛው ዓይነት በቀጥታ የሚሠራ ስቱዲዮ ነው። በርባንክ ያለው ዋርነር ብራዘርስ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሜልሮዝ ጎዳና ላይ ያለው ፓራማውንት እንዲህ ናቸው። በትንሽ ክፍት መኪና ጥቂት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ። ፍንዳታና ጎርፍ አትጠብቁ። የምታዩት እውነተኛ የዕቃ መጋዘን፣ እውነተኛ የቀረጻ አዳራሽ፣ መብራት ተሸክመው የሚሮጡ ሠራተኞች ነው። መንገዱም በዕለቱ ሥራ ይቀየራል፤ ጠዋት ክፍት የነበረ ሰፈር ከሰዓት ዝግ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በራሳችሁ እርምጃ የምትዞሩት ነው። ለንደን አጠገብ ሊቭስደን ያለው የዋርነር ብራዘርስ ጉብኝት በ2012 የተከፈተ ሲሆን የሃሪ ፖተር ፊልሞች በእውነት የተቀረጹባቸውን ክፍሎች፣ አልባሳትና ዕቃዎች ያሳያል። አንድ ትልቅ የቤተ መንግሥት ሞዴል አለ፣ ከታሰበው ሕንፃ 24 ጊዜ አንሶ የተሠራ። ዙሪያውን ስትዞሩ መብራቱ ከቀን ወደ ሌሊት ሲለወጥ ታያላችሁ። እዚያ ጋ ጊዜ ውሰዱ።

አራተኛው የፊልም ከተማ ነው። ሃይደራባድ አጠገብ ያለው ራሞጂ ፊልም ሲቲ ከ1996 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ በዓለም ትልቁ የፊልም ስቱዲዮ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። እዚያ አውቶቡስ ከአስጎብኚ ጋር ያዞራችኋል፣ በመሃል በመሃል ጭፈራና የስታንት (ፍልሚያ፣ መውደቅና እሳትን የመሰለ አደገኛ ትዕይንት) ትርኢት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ነው የሚወስደው። ሞሮኮ ዋርዛዛት ያለው አትላስ ስቱዲዮ ደግሞ በ1983 የተመሠረተ ሲሆን ትርኢት ፈላጊን አያጠግብም። በእግር ነው። በረሃው መሃል ከጂፕሰምና ከእንጨት የተሠሩ ቤተ መቅደሶችን እየዞራችሁ ታያላችሁ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እንዲህ ያለው ነው፣ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን በትርኢት የተሞላው ይሻላችኋል።

2. ቲኬት

ቀድማችሁ ያዙ። ሊቭስደንን የመሰሉት በር ላይ ቲኬት ስለማይሸጡ ዝም ብሎ መሄድ መንገድ መድከም ነው። ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር አጣሩ፦ አስጎብኚው በምን ቋንቋ ነው የሚያወራው (አንዳንድ ቦታ ቋንቋው በሰዓት ይለያያል)፣ የዕድሜ ገደብ አለ ወይ፣ ትርኢቶቹ ከቲኬቱ ጋር ናቸው ወይስ ለብቻ ይከፈላሉ፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ካላችሁ ልዩ መኪና ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል ወይ። የዕድሜው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ቀረጻ የሚካሄድባቸው ስቱዲዮዎች ትንንሽ ልጆችን የማይቀበሉበት ጉብኝት አላቸው፣ ምክንያቱም የአንድ ሕፃን ለቅሶ የአንድ ሰዓት ሥራ ያበላሻል።

ቀኑን ስትመርጡ ምን ማየት እንደምትፈልጉ አስቡ። ሰዎች ሲሠሩ ማየት ከፈለጋችሁ የሥራ ቀን ሂዱ። ቅዳሜና እሁድ ቦታው ፀጥ ሊል ይችላል፣ በሌላ በኩል ግን የሚዘጋ መንገድ ስለሚቀንስ ብዙ ትገባላችሁ። ትርኢት የሚበዛበት ፓርክ ከሆነ ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ወቅት ሽሹ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ዙር የቻለ ይያዝ፤ ሰልፉ አጭር ነው፣ ፀሐዩም ገና ነው፣ አስጎብኚውም ድምፁ አልደከመም።

3. ምን ይዛችሁ፣ ምን ለብሳችሁ

ጫማ። ከሌላው ሁሉ በፊት ጫማ። ትራም ቢኖርም እንኳ ቀኑን ሙሉ ትቆማላችሁ፣ ትራመዳላችሁ። ኮፍያና የፀሐይ ክሬም ያዙ፣ የተሠራው ሰፈር ጥላ የለውም። ስስ ሹራብ ደግሞ ጨምሩ፣ የቀረጻ አዳራሾቹ ውስጥ ማቀዝቀዣው ይበርዳል። የውሃ ትርኢት ካለ ለልጆች ቅያሪ ልብስና ስልክ የምትከቱበት ፕላስቲክ ከረጢት አይቅር። መታወቂያ ያዙ፣ የሚሠራ ስቱዲዮ በር ላይ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቦርሳ ይፈተሻል፣ ስለዚህ ትንሽ ቦርሳ ይሻላል።

4. በሩ ላይ

ቲኬቱ ላይ ካለው ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ፍተሻ አለ፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ አጭር የመግቢያ ፊልም ያሳዩአችኋል፣ ከዚያ በቡድን ትከፈላላችሁ። መሃል ላይ አንድ ሰው አረንጓዴ መጋረጃ (በኋላ በኮምፒውተር ሌላ ምስል የሚተካበት) ፊት አቁሞ "ፈገግ በሉ፣ አሁን ደግሞ ደንግጡ" ይላችኋል። ያ ፎቶ በኋላ መውጫው ላይ በሽያጭ ይቀርባል። መግዛት ግዴታ አይደለም፣ መነሳትም ግዴታ አይደለም። አረንጓዴ ልብስ ለብሳችሁ ከሄዳችሁ ግን ሰውነታችሁ ከጀርባው ምስል ጋር ይቀላቀላል።

ትራሙ ላይ ስትወጡ መሃል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከጎኑ ያለው ጭንቅላት ነው የሚታየው። ጠርዝ ያዙ። የትኛው ጎን እንደሚሻል መንገዱ ስለሚወስነው የሚያስገባችሁን ሠራተኛ በትህትና ጠይቁት። "ልጄ ውሃ ትፈራለች፣ የትኛው ጎን ይሻላል?" ስትሉት በደስታ ይነግራችኋል።

5. የተሠራው ሰፈር

ባክሎት ይሉታል። ከቤት ውጭ ለሚቀረጽ ትዕይንት የተሠሩ ጎዳናዎች ናቸው። ብዙ ጎብኚ ስልኩን አንስቶ ሰፈሩን ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እናንተ ግን ዓይናችሁን እዚህ ላይ አሳርፉ፣ ስቱዲዮ ከሌላ ቦታ ሁሉ የሚለየው እዚህ ነው።

ቀና ብላችሁ ፎቆቹን እዩ። ሁለተኛው ፎቅ ከአንደኛው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ትንሽ አንሶ የተሠራበት ግንባር ታገኛላችሁ። መስኮቶቹ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ይጠባሉ። ዓይናችን የራቀ ነገር ያንሳል ብሎ ስለለመደ ሕንፃው ካለው በላይ ረጅም ይመስለዋል። በድሮ የካውቦይ ሰፈሮች ደግሞ አስጎብኚዎች በሮቹን እንድታወዳድሩ ይነግሯችኋል፤ አነስ ያለ በር ላይ የቆመ ሰው ግዙፍ ይመስላል፣ ሰፋ ባለው በር ላይ የቆመ ደግሞ ቀጭን።

መንገዱን ደግሞ እዩ። ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወይ ይታጠፋል፣ ወይ በሌላ ሕንፃ ይዘጋል። ካሜራው የሰፈሩን መጨረሻ እንዳያይ ሆን ተብሎ ነው። ቀጥ ቢል ኖሮ በጎዳናው ጫፍ የመኪና ማቆሚያውን ታዩት ነበር። መስኮቶቹ ጀርባ መጋረጃና ጥቁር ጨርቅ አለ፣ ሌሊት ሲቀረጽ አንድ መብራት ከኋላ ይቀመጥና "ቤት ውስጥ ሰው አለ" ትላላችሁ። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ዝናብ ዘንቦ ላይሆን ይችላል። የማታ ትዕይንት ከመቀረጹ በፊት መንገዱን በውሃ ማራስ የተለመደ ነው፣ መብራቱ መሬቱ ላይ እንዲያበራ። ከዚህ በኋላ ፊልም ስታዩ የማታ መንገዶችን ተመልከቱ፣ ስንቱ እርጥብ እንደሆነ ይገርማችኋል።

አንድ ጎዳና ደግሞ አንድ ከተማ ብቻ አይደለም። የሱቅ ስሙ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የስልክ ሳጥኑ ሲቀየር ሌላ አገር ይሆናል። አስጎብኚው በትራሙ ስክሪን ላይ ትዕይንቱን ያሳይና እዚያው ቦታ ላይ ያቆማችኋል፤ ስክሪኑንና ጎዳናውን እያፈራረቃችሁ እዩ።

ሁሉም ነገር የውሸት ነው ብላችሁ ግን አትደምድሙ። ዩኒቨርሳል ውስጥ ተሰባብሮ የተኛው አውሮፕላን ለ2005 ፊልም ተብሎ የተቆራረጠ እውነተኛ ቦይንግ 747 ነው። ትራሙ በመሃሉ ሲያልፍ የተቀደደው ብረት፣ የተገለበጡት ወንበሮች፣ የተበተነው ሻንጣ አጠገባችሁ ነው፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል። የእንጨትና የፋይበርግላስ ሰፈር ደግሞ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ በጁን 1 2008 ታይቷል። በዚያው ስቱዲዮ የተነሳ እሳት የኒው ዮርክን ጎዳና የሚመስለውን ሰፈርና የኪንግ ኮንግን ትርኢት አወደመ። ሰፈሩ እንደገና ተሠርቶ የተከፈተው በ2010 ነው።

6. የቀረጻው አዳራሽ

ሳውንድ ስቴጅ የሚባለው መስኮት የሌለው፣ ግድግዳው በወፍራሙ የታሸገ ትልቅ አዳራሽ ነው። በሩ አውቶቡስ ያስገባል። በሩ ላይ ቀይ መብራት ከበራ ውስጥ እየቀረጹ ነው፣ አንድ ረጅም ደወል ስትሰሙም እንደዚያው። ሁለት አጭር ደወል ከሆነ አቁመዋል። ቀይ መብራት ፊት ስልካችሁን አጥፉ፣ ወሬ አቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ።

ውስጥ ከገባችሁ ወደ ላይ እዩ። በቴሌቪዥን የምታውቁት ሳሎን ጣራ የለውም፣ ከላይ የተንጠለጠሉት መብራቶች ናቸው። አንደኛው ግድግዳ ተነቅሎ የሚወጣ ነው፣ ካሜራው እንዲገባበት። ክፍሉ ደግሞ ከምታስቡት ያንሳል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚናገረው "ይሄን ያህል ትንሽ ነው እንዴ?" ነው።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። "ሆት ሴት" የሚል ምልክት ያለበት ቦታ ምንም አትንኩ። ቀረጻው ስላላለቀ ዕቃው ሁሉ ባለፈው በቆመበት መቆየት አለበት ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግማሽ ስኒ አንድ ጣት ብታንቀሳቅሱት ነገ ተዋናዩ ቁጭ ሲል ስኒው በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ቦታ የቀየረ ይመስላል፣ እሱን የሚከታተል ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በፎቶ ሲያመሳስል ይውላል። የሰው ልፋት ነው።

7. ጎርፉና መንቀጥቀጡ

ይሄ ለእናንተ ተብሎ የተሠራው ክፍል ነው። ትራሙ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ይገባል፣ መሬቱ ይናወጣል፣ ጣራው ይወድቃል፣ ውሃ ከደረጃ ላይ ይደረመሳል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር ለሚቀጥለው ትራም ወደ ቦታው ይመለሳል። ውሃው ተመልሶ ይጠራቀማል፣ የወደቀው ምሰሶ ቀስ ብሎ ይነሳል። በመጨረሻው ተጎታች ላይ ከሆናችሁ ወደ ኋላ ዞር በሉ፣ አንዳንዴ ሲመለስ ታያላችሁ።

ትንንሽ ልጆች ይደነግጣሉ። ቀድማችሁ ንገሯቸው፦ "አሁን ውሃ ይመጣል፣ ይጮሃል፣ ትራሙ ግን ይሄዳል።" እንዲህ የተነገረው ልጅ ይስቃል፣ ያልተነገረው ያለቅሳል። የሚያጥወለውላችሁ ካላችሁ በመነጽር የሚታየው የ3D ክፍል ሲደርስ ዓይናችሁን ከስክሪኑ አንስታችሁ የፊት ወንበሩን እዩ።

8. የቀጥታ ትርኢቶች

እንደገባችሁ የትርኢቶቹን ሰዓት ያዙና ቀኑን በሱ ዙሪያ አቅዱ። ብዙ ሰው ከትራም ወርዶ "የቱ ጋ ነው?" ሲል ሁለቱ ያመልጡታል። ለስታንት ትርኢት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ፊት ያሉት ወንበሮች በቀለም ከተለዩ ወይም "ትረጥባላችሁ" የሚል ጽሑፍ ካለ እውነቱን ነው፤ ከእግር እስከ ራስ ነው የሚያርሷችሁ። መሃል ከፍ ያለው ረድፍ ከሁሉም የተሻለ ነው፣ ሁሉንም ጎን ያሳያል። ጀልባ፣ እሳት፣ ከማማ መዝለል የሚያሳየው የዩኒቨርሳል የውሃ ትርኢት ከ1995 ጀምሮ አለ። በርሊን አጠገብ ፖትስዳም ያለው የባቤልስበርግ ፊልም ፓርክ ደግሞ የስታንት ትርኢቱን የሚያሳየው በእሳተ ገሞራ መልክ በተሠራ መድረክ ነው።

አይታችሁት ብቻ እንዳትመለሱ የሚከተለውን ተከታተሉ። ቡጢ ሲሰነዘር እጁን ሳይሆን የሚመታውን ሰው እዩ። ቡጢው ሳይነካ ያልፋል፤ ትዕይንቱን እውነት የሚያደርገው የተመታው ሰው አንገት አጣጣልና ድምፁ ነው። ድምፁ አንዳንዴ ከተዋጊዎቹ አንዱ የራሱን ደረት በመዳፉ ሲመታ የሚወጣ ነው። ከፍታ ላይ የሚወድቀው ሰው አየር ላይ ተገልብጦ በጀርባው ነው የሚያርፈው። የሚቃጠለው ሰው ከልብሱ ሥር እሳት የሚከላከል ልብስ፣ ቆዳው ላይ ደግሞ ጄል አለው፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሲተኛ "አጥፉኝ" ማለቱ ነው፣ ማጥፊያ የያዙት ሰዎች ያንን ነው የሚጠብቁት። ሙቀቱ መቀመጫችሁ ድረስ ይመጣል። የሚሰበረው መስታወት ዱሮ ከተፈላ ስኳር ይሠራ ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው ሬዚን ከሚባል ሰው ሠራሽ ቁስ ነው።

ፈቃደኛ ሲፈለግ እጃችሁን አውጡ። በተለይ የድምፅ ትርኢት ላይ። የፊልም ድምፅን በዕቃ መፍጠር ፎሌይ ይባላል፣ በዩኒቨርሳል ይሠራ በነበረው ጃክ ፎሌይ ስም። የኮኮናት ቅርፊት ሁለት ቦታ ተከፍሎ የፈረስ ኮቴ ይሆናል፣ የበቆሎ ስታርች የሞላ ከረጢት ሲጨመቅ በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ይሆናል፣ ሴለሪ ሲሰበር አጥንት ይሆናል። እኔ የደረሰኝ በረዶው ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ሲራመድ እኔም ከረጢቱን እጨምቃለሁ፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ዘገየሁ፣ አዳራሹ ሁሉ ወዲያው አወቀ። ያን ጊዜ ነው ይህንን ሥራ አክብሬ የወጣሁት።

9. አስጎብኚውና ካሜራችሁ

አስጎብኚው የጉብኝታችሁ ግማሽ ነው። ብዙዎቹ ፊልም የተማሩ ወይም በዚያው ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ንግግሩን በቃል ይዞታል፣ ግን ጥሩ ጥያቄ ሲመጣ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ። "እዚህ ማን ተዋናይ መጥቷል?" ከምትሉት "ይህ ጎዳና መጨረሻ የተቀየረው ለምን ነበር?"፣ "ይህን ለመሥራት ስንት ቀን ፈጀ?"፣ "ቱሪስት የማያስተውለው የትኛውን ነው?" በሉት። የመጨረሻዋ ጥያቄ ሁልጊዜ ትሠራለች።

ፎቶ አትነሱ ሲባል አትነሱ። ያልወጣ ፊልም ልብስና ዕቃ እዚያ ሊኖር ይችላል፣ አንድ የተለጠፈ ፎቶ የብዙ ሰው ምስጢር ያወጣል። ተዋናይ ካያችሁም ከሩቅ እዩት። ሥራ ላይ ነው፣ ምናልባት የሚያለቅስበት ትዕይንት ሊሠራ እየሄደ ነው። ባታዩ ደግሞ ቅር አይበላችሁ፣ አብዛኛው ጎብኚ አያይም።

10. ስትወጡ

መውጫው በሱቅ ውስጥ ነው። የመጨረሻው ትርኢት ሲያልቅ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ስለሚወጣ ግዢ ካላችሁ ከመጨረሻው ትርኢት በፊት ጨርሱት። እናንተ ደግሞ ሰልፉ እስኪሳሳ አሥራ አምስት ደቂቃ ወንበራችሁ ላይ ቆዩ። መድረኩ ላይ ሠራተኞች ይወጣሉ፣ የረጠበውን ይጠርጋሉ፣ የተሰበረውን በር ነቅለው ለነገ አዲስ በር ይገጥማሉ። ሙዚቃ የለም፣ ማንም አያጨበጭብም። አንዱ በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋዋል፣ በቀላሉ መሰበር እንዳለበት እየፈተሸ።